የማጀት ጢስና የቤተሰብ ጤና

(ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች ጥናት የቀረበ)



ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሰው የጣርማ በርን ዋሻ ሳያውቀው አይቀርም። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 ባለው ጊዜ፣ ተራራውን ፈልፍለው ያወጡት ይህ ዋሻ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት አለው። የሚገኘውም ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። አውቶቡስ ወደ ውስጡ በገባ ጊዜ ተሳፋሪው መስኮቱን ይዘጋል፤ እናት ነጠላዋን በልጇ አፍንጫ ላይ ጣል ታደርጋለች። የናፍጣ ጢስ እንደሚጎዳ ማንም ሳይነግረው ሁሉም ያውቃልና።

ባለፈው የትምህርት ዕረፍት እኔም ይህንኑ ዋሻ አልፌ ወደ አያቴ ቤት ሄድሁ። ቤቱ ከደብረ ሲና ከተማ ወጣ ብሎ በደጋው ላይ ነው። በደረስሁበት ማታ እንጀራ ይጋገር ስለነበር ቤቱ በጢስ ተሞልቷል። እኔና አጎቴ በሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ተቀምጠን፣ ዓይናችንን እያሻሸን ወግ እናወጋለን። እኅቴ ግን የሰባት ወር ልጇን አዝላ በምጣዱ ላይ አጎንብሳ ነበር። በዋሻው ውስጥ ለአንድ አፍታ አፍንጫችንን የሸፈንን ሰዎች፣ እዚህ ለሁለት ሰዓት ያህል በጢስ ውስጥ ስንቀመጥ ማንም አፍንጫውን አልሸፈነም።

በአራተኛው ቀን ሕፃኑ አተኮሰው፤ ጡት አልጠባም አለ፤ ትንፋሹም ተፋጠነ። የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መጥታ ሰዓቷን ይዛ ትንፋሹን ቆጠረች። በአንድ ደቂቃ ውስጥ 58 ሆነ። ደረቱም ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ስለነበር ሳንዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። የሳንባ ምች ነው ተባለ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ መድኃኒቱን ወስዶ ዳነ። ከመመለሳችን በፊት ግን ሐኪሟ እኅቴን «እንጀራ ስትጋግሪ ልጁ የት ነው የሚሆነው?» ብላ ጠየቀቻት። እኅቴም «ከጀርባዬ ነዋ፤ የት ይሆናል?» አለቻት። ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ ይህ ጥያቄና መልስ ነው።

1. ጢስ ምንድን ነው?

እንጨት፣ ኩበት ወይም የማሽላ አገዳ ሙሉ በሙሉ ቢነድ ኖሮ ከእርሱ የሚወጣው በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የውሃ እንፋሎትና አመድ ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነድ እሳት በቂ አየር አያገኝም። ማገዶው እርጥብ ከሆነ ደግሞ የእሳቱ ሙቀት ውሃውን ለማድረቅ ይውላል። ስለዚህ ማገዶው በከፊል ብቻ ይነድና ቀሪው ጢስ ሆኖ ይወጣል። በጣራው ላይ የሚጠቁረው ጥቀርሻ ያልነደደ ማገዶ ነው ማለት ይቻላል።

በጢስ ውስጥ ካሉት አያሌ ነገሮች ሁለቱን በተለይ ማወቅ ይጠቅመናል። የመጀመሪያው ደቃቅ ብናኝ ነው። ሳይንቲስቶች ይበልጥ የሚፈሩት ከ2.5 ማይክሮን የማይበልጠውን ነው። አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል በመሆኑ፣ ይህ ብናኝ ከጠጉር ወደ ሠላሳ ጊዜ ያህል ይቀጥናል። ሁለተኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሲሆን ቀለምም ሽታም የለውም።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ያለው ይህ ደቃቅ ብናኝ በ24 ሰዓት አማካይ ከ15 ማይክሮግራም መብለጥ የለበትም። በአዲስ አበባ አነስተኛ ገቢ ባላቸው ሠፈሮች ቤት ለቤት ተለክቶ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት ግን አማካዩ ከ800 ማይክሮግራም በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ይህም ከተባለው ልክ ከ50 ጊዜ በላይ ነው።

2. በሰውነታችን ላይ ምን ያደርጋል?

ፈጣሪ ለመተንፈሻ አካላችን ጠባቂዎችን አቁሞለታል። የአፍንጫ ጠጉር ትልልቁን አቧራ ይይዛል። በአየር ቧንቧው ላይ ያለው አክታ መለስተኛውን ይይዝና በጥቃቅን ጠጉሮች እየተገፋ ወደ ላይ ይመለሳል። ደቃቁ የጢስ ብናኝ ግን እነዚህን ሁሉ አልፎ አየርና ደም ወደሚገናኙባቸው ጥቃቅን የሳንባ ከረጢቶች ይደርሳል። በዚያም ጀርም የሚውጡትን ተከላካይ ሴሎች ያዳክማል፤ ሳንባውንም ያስቆጣል። ከፊሉም ወደ ደም ሥር ይገባል።

በዚህ ምክንያት የጢስ ጉዳት በሳል ብቻ አያበቃም። በሕፃናት ላይ የሳንባ ምችን ያበዛል። ለብዙ ዓመት በምድጃ አጠገብ የኖሩ እናቶችን ለሥር የሰደደ የሳንባ መጥበብ በሽታ፣ ለልብ በሽታ፣ አካልን ለሚያሽመደምድ የአንጎል ደም ሥር በሽታና ለሳንባ ካንሰር ያጋልጣል። የዓይን ሞራም ከማድ ቤት ጢስ ጋር ግንኙነት እንዳለው በጥናት ታይቷል። ነፍሰ ጡር በጢስ ውስጥ ስትውል በማኅፀኗ ላለው ሕፃን የሚደርሰው ኦክሲጅን ስለሚቀንስ፣ ልጁ ከሚገባው ክብደት አንሶ የመወለዱ ዕድል ይጨምራል።

ሕፃናት ለምን ይበልጥ ይጎዳሉ ቢባል፣ ሳንባቸው ገና በማደግ ላይ ነው። ትንፋሻቸውም ፈጣን በመሆኑ ከሰውነታቸው ክብደት አንጻር ከአዋቂ የበለጠ አየር ያስገባሉ። በእናቱ ጀርባ የታዘለ ልጅ ደግሞ አፍንጫው ከእሳቱ የራቀ ይምሰለን እንጂ፣ እናቱ የምትተነፍሰውን ጢስ አብሯት ይተነፍሳል።

የዓለም የጤና ድርጅት ግምት እንደሚያመለክተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህም ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከዐሥር ቤተሰብ ዘጠኙና ከዚያም በላይ የሚሆነው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በመሳሰለው እንደሚያበስል ታውቋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናነጻጽር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1952 በለንደን ከተማ የድንጋይ ከሰል ጢስ ከጉም ጋር ተቀላቅሎ ለአምስት ቀን ከተማውን ሸፈነ። በመጀመሪያ 4,000 ያህል ሰዎች እንደሞቱ ተገመተ፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥሩን እስከ 12,000 አድርሰውታል። ነገሩ ሕዝቡን ስላስደነገጠ በ1956 የአየር ንጽሕና ሕግ ወጣ። የለንደን ጢስ በአደባባይ ላይ ስለነበር ሁሉም አየው። የእኛ ጢስ ግን በየማጀቱ ተከፋፍሎ ስላለ እንደ አንድ አደጋ አይቆጠርም። የሚያስለው አንዲት አያት፣ የሚታመመው አንድ ሕፃን ብቻ ይመስለናል።

3. «ከሰል ጢስ የለውም» ስለሚባለው

ብዙ ሰው እንጨቱን ሸሽቶ ወደ ከሰል ይሄዳል። እውነት ነው፣ የነደደ ከሰል ዓይን አያቃጥልም። ነገር ግን አደገኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከፍሙ በብዛት ይወጣል። ይህ ጋዝ በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ሲጣመር ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ የሚበልጥ ኃይል አለው። ስለዚህ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዝና ደሙ ባዶውን እንዲዞር ያደርገዋል። በጢስ የታፈነ ሰው ያስለዋልና ይሸሻል፤ በከሰል ጋዝ የታፈነ ሰው ግን ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ከዚያም እንቅልፍ ይመስለዋል።

በእኛ ደጋ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ብርዱ ያይላል። በገናና በጥምቀት ሰሞን ቡና ከተጠጣ በኋላ ፍሙን ከነምድጃው ወደ መኝታ ክፍል አስገብቶ፣ በርና መስኮት ዘግቶ የሚተኛ ሰው ጥቂት አይደለም። አራስ ባለችበት ቤትም «ብርድ እንዳያገኛት» ተብሎ ቀዳዳው ሁሉ ይደፈንና እሳት ይነድላታል። ሐሳቡ የፍቅር ነው፤ ውጤቱ ግን ሞት ሊሆን ይችላል። ለብርድ ሌላ ብርድ ልብስ እንጨምር እንጂ ከፍም ጋር ተዘግተን አንተኛ። ከከሰል አጠገብ ራሱን የሳተ ሰው ካጋጠመንም በመጀመሪያ በሩን ከፍተን ወደ ንጹሕ አየር እናውጣው፤ ከዚያም ፈጥነን ወደ ሐኪም እናድርሰው። ውሃ መርጨትና ሎሚ ማሽተት ጊዜ ያባክናል እንጂ ጋዙን ከደሙ አያወጣውም።

ስለ ዕጣንም ጥያቄ የሚያነሣ አይጠፋም። ዕጣን ሲጤስ እንደማናቸውም ጢስ ብናኝ አለው። ለቡና በጠባብ ቤት ውስጥ ስናጤስ መስኮት መክፈት፣ አስም ያለበትን ሰውና ሕፃኑን ራቅ ማድረግ ይገባናል።

4. አንድ እሳት፣ ሁለት ዐይነት ቤት

ከጣርማ በር ቁልቁል ወርደን ደብረ ሲናን አልፈን ወደ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ፣ ከፍታው በጥቂት ሰዓት ጉዞ ውስጥ ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። በላይ ካፖርት የለበሰ ሰው በታች ላቡን ይጠርጋል። ማገዶውም ይለያያል፤ በደጋው ባሕር ዛፍና ኩበት፣ በይፋት ቆላ ግራርና የማሽላ አገዳ ይነድዳል።

ይበልጥ የሚለየው ግን ቤቱ ነው። በቆላ ሙቀቱ ስለሚያስቸግር ብዙ ሴቶች በደጅ ወይም ግድግዳው ባልተመረገ የእንጨት ማድ ቤት ውስጥ ያበስላሉ። ጢሱ በእንጨቶቹ መካከል ይወጣል። በደጋ ግን ቤቱ የተሠራው ብርድ እንዳይገባ ተብሎ ነው። ግድግዳው ድንጋይ ወይም ወፍራም ምርጊት ነው፤ መስኮቱ ጠባብ ነው፤ እሳቱ የሚነደውም ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ነው። ብርዱን የከለከለው ግድግዳ ጢሱንም ይዞ ያስቀረዋል። እንግዲህ ያው አንድ ሸክም እንጨት ቢነድ፣ በደጋው ቤት የምትጋግረው ሴት በቆላው ደጅ ከምትጋግረው ይበልጥ ትጎዳለች ማለት ነው።

ሌላም ለውጥ አለ። የሣር ክዳን ጢሱን ቀስ በቀስ ያሳልፈው ነበር። አሁን ብዙ ቤቶች በቆርቆሮ ተለውጠዋል። ቆርቆሮ ከዝናብና ከእሳት አደጋ ይሻላል፤ ነገር ግን ሲሠራ የጢስ መውጫ ካልተተወለት ጢሱን እንደ ክዳን ያፍነዋል።

5. ምድጃ መለወጥ ብቻ ይበቃልን?

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ተረት ለጉዳያችን በከፊል ይስማማል።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት የተሠራጨው ምርጥ ምጣድ ከሲሚንቶና ከአሸዋ መሰል ነገሮች የሚሠራ ሲሆን፣ በሦስት ጉልቻ ከሚፈጀው ማገዶ ግማሹን ያህል ሊቆጥብ ይችላል። እንጨት ለቀማ የምትሄድ ልጃገረድ ይህ ምን ያህል ድካም እንደሚቀንስላት ታውቃለች። ይሁን እንጂ በምዕራብ ጎጃም በሜጫ አካባቢ የተሻሻለ ምጣድ ያገኙና ያላገኙ ቤተሰቦች ተነጻጽረው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ውጤት በሕፃናቱ የሳንባ ሕመም ላይ አስተማማኝ ልዩነት አልተገኘም። በማላዊም ከ10,000 በላይ ሕፃናትን ያካተተ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ተመሳሳይ ውጤት አሳይቷል፤ ምንም እንኳ በእሳት የመቃጠል አደጋ ቢቀንስም።

በሌላ በኩል እንደኛው ደጋ በሆነው የጓቴማላ ተራራማ አገር፣ የጢስ ማውጫ ጭስ ቧንቧ ያለው ምድጃ ለቤተሰቦች ተሠርቶላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው ውጤት ሕፃናቱ የሚያገኛቸው ጢስ በግማሽ ያህል ቀነሰ። የሳንባ ምች በጠቅላላው በእርግጠኝነት ቀነሰ ለማለት ባይቻልም፣ ከባዱ የሳንባ ምች ግን በሲሶ ያህል ቀንሶ ተገኘ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? በመጀመሪያ፣ ጥቂት ማገዶ የሚፈጅ ምድጃ ጥሩ ቢሆንም ጢሱ መውጫ ካላገኘ ቤቱ ውስጥ ይቀራል። ሁለተኛ፣ በአንዱ ምድጃ ጢስ ቀንሰን በሌላው ጉልቻ፣ በኩራዝና በግቢ ቆሻሻ ማቃጠል ብናበዛው ሳንባ አያርፍም። ሦስተኛ፣ ለሳንባ ምች ጢስ ብቻውን ምክንያት አይደለም። የጡት ወተት፣ ክትባትና በጊዜ መታከም ከጢስ ቅነሳው ጋር አብረው መሄድ አለባቸው።

6. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ወደ አያቴ ቤት ልመለስ። ሕፃኑ ከዳነ በኋላ አጎቴን «ማድ ቤቱን ለብቻው እንሥራው» አልሁት። አጎቴ «ጢስ የሴት ነገር ነው፤ እነሱ ለምደውታል» አለኝ። በቁጣ አልመለስሁለትም፤ ምክንያቱም እኔም ሃያ ዓመት ሙሉ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ያሰብሁት ይህንኑ ነው። ነገር ግን ቤቱን የሠራነው፣ በሩንና መስኮቱን የመጠንነው እኛ ወንዶች ነን። ጢሱ በየት እንደሚወጣ የወሰንነው እኛ ሆነን ሳለ የምትተነፍሰው እኅቴ ናት። አያቴም ብትሆን ለምዳው አይደለም፤ ዘወትር ጎሕ ሲቀድ የሚቀሰቅሰን የእርሷ ሳል ነው።

አያቴ ራሷ ግን ሌላ ተቃውሞ ነበራት። «ልጄ፣ ከእሳቱ በላይ የሰቀልሁትን ዘር ነቀዝ ያልበላው በጢሱ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ይህ እውነት ነው። ጢስ ነቀዝን ያርቃል፤ የሣር ክዳንንም ከተባይ ይጠብቃል። አባቶቻችን ያለ ምክንያት አላኖሩትም። «እንግዲያው ዘሩንም ወደ አዲሱ ማድ ቤት እናዛውረው፤ ጢሱ እዚያ ያገኘዋል» ስላት ትንሽ አሰበችና «እሱስ ደግ ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ ሥራው አራት ቀን ፈጀ። ከዋናው ቤት ጎን የእንጨት ማድ ቤት አቆምን። ከግድግዳው ጫፍ እስከ ጣራው አንድ ክንድ ያህል ክፍት ተውን፤ ጣራውንም ዝናብ እንዳያስገባ አስረዝመን አወጣነው። ጢሱ ፈጽሞ ጠፋ አልልም። ነፋሱ ከገደሉ በኩል በተመለሰ ቀን አሁንም ዓይን ያቃጥላል። ነገር ግን ማንም በጢስ ውስጥ አይተኛም፤ ሕፃኑም እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ከአጎቴ ጋር በዋናው ቤት ይቆያል። አጎቴ መጀመሪያ ያፍር ነበር፤ ኋላ ግን ልጁ ለመደውና ለሌላ ሰው አልያዝም አለ።

ለሁላችንም የሚሆኑትን ነጥቦች ባጭሩ ላስቀምጥ።

ሀ. ማድ ቤትን ከመኝታ ቤት እንለይ። ካልተቻለም ከእሳቱ በላይ የጢስ መውጫ እናብጅ፤ በምናበስልበት ጊዜም በርና መስኮት እንክፈት።

ለ. ማገዶን ቀድመን ፈልጠን እናድርቅ። ለክረምቱ የሚሆነውን በበጋ ከጣራ ሥር እንከምር።

ሐ. ሕፃንን አዝሎ መጋገር ይቅር። ወንድም፣ አባት፣ አጎት ልጁን ይያዝ።

መ. ከሰል በደጅ ይቀጣጠል፤ ከመተኛታችንም በፊት ከቤት ይውጣ።

ሠ. ሕፃን ሲያስለው ትንፋሹን እንቁጠር። ከሁለት ወር በታች ከሆነ በደቂቃ 60ና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። የምንቆጥረው ሳያለቅስ፣ ረጋ ብሎ ሳለ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ነው። ደረቱ ከተሰረጎደ ወይም አልጠባም ካለ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ረ. የሳንባ ምች ክትባት በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ይሰጣል። ልጆች በተወለዱ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት እንዲከተቡ እናሳስብ።

ማጠቃለያ

ውድ እኅቶችና ወንድሞች፣ ብዙ ጊዜ ስለ አየር ብክለት ስንሰማ የሚታየን የፋብሪካ ጭስ ማውጫና የትልቅ ከተማ መኪና ነው። ለእኛ ለጣርማ በርና ለይፋት ሰዎች ግን ትልቁ ጢስ ያለው ከጉልቻው ላይ ነው። መብራት በሁሉ ቤት ገብቶ እንጀራ ሁሉ በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋገርበት ቀን ይመጣ ይሆናል፤ እስከዚያው ግን በዚህ ክረምት የሚወለደው ልጅ ይተነፍሳል። በገዛ እጃችን የምንከፍተው ቀዳዳ፣ የምናደርቀው እንጨትና የምንይዘው ሕፃን የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ከእሳቱ አጠገብ የሚሆነው ማን ነው? ስንት ሰዓትስ ይቆያል?

2. የቤታችሁ ጢስ በየት ይወጣል? መውጫ ለማበጀት ምን ያስፈልጋል?

3. በጉባኤያችን ካሉት ወጣቶች መካከል በሚቀጥለው የበጋ ወር ማድ ቤት የሌላቸውን አረጋውያን ለመርዳት እነማን እንጨት ማቅረብ፣ እነማን ጉልበት መስጠት ይችላሉ?